የፍርሃት ድርሰትና የፍርሃቱ ባለቤት

ከተፈጥሮ ሕግ ውጭ ስለሆነ ነገር የሚተርክ ግጥምና ልቦለድ በሥነ ጽሑፍ አደባባይ ሁለት ዓይነት ዳኛ ይገጥመዋል። አንደኛው ዳኛ ገና ርዕሱን እንዳየ «ይህ አጉል እምነት ነው፤ ሰውን ከኑሮው የሚያዘናጋ ቅዠት ነው» ብሎ መዝገቡን ይዘጋል። ሁለተኛው ዳኛ ደግሞ «ጥበብ ለጥበብነቱ ነው፤ ካስፈራ አስፈራ፣ ካስደሰተ አስደሰተ፣ ሌላ ምን ይጠየቃል?» በማለት ድርሰቱን ያለ ምርመራ ነፃ ይለቀዋል። ሁለቱም ሥራቸውን አልሠሩም። የመጀመሪያው ምስክር ሳይሰማ ፈረደ፤ ሁለተኛው ክስ መኖሩንም ልብ አላለ።

ፍርሃት በባዶ ሜዳ አይበቅልም። ባለቤት አለው፤ የበቀለበት ዘመንና ሠፈርም አለው። ስለዚህ የሂስ ጥያቄ «ጭራቁ በእውነት አለ ወይ?» የሚል ሊሆን አይችልም። ጭራቁ እንደሌለ ደራሲውም አንባቢውም ያውቃሉ። መጠየቅ ያለበት «የፈራው ማን ነው? የፈራውስ ምንን ነው? ፍርሃቱንስ በማን ትከሻ ላይ ጫነው?» ተብሎ ነው። ይህን ጥያቄ ለመፈተን ከ20ኛው መቶ ዓመት የአሜሪካ ሥነ ጽሑፍ በአንድ መጽሔት ዙሪያ የተሰበሰቡትን ሦስት ደራሲያን ያህል የሚያመች ምሳሌ ጥቂት ነው። እነርሱም ሃዋርድ ፊሊፕስ ላቭክራፍት፣ ክላርክ አሽተን ስሚዝና ሮበርት ሃዋርድ ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጽሔቱና ገበያው

«ዊርድ ቴልስ»፣ ማለትም «እንግዳ ተረቶች»፣ የተባለው መጽሔት በመጋቢት 1923 በቺካጎ ከተማ መታተም ጀመረ። በመስከረም 1954 እስኪዘጋ ድረስ 279 እትሞች ወጥተዋል። ወረቀቱ ከእንጨት ድቃቂ የተሠራና ሻካራ ስለነበር ቶሎ ይበጫል፤ ዋጋው 25 ሳንቲም ነበር። በዘመኑ የነበሩት የታወቁ የሥነ ጽሑፍ መጽሔቶች ከቁም ነገር አይቆጥሩትም። አንባቢዎቹ በባቡር ጣቢያና በጋዜጣ መሸጫ የሚገዙት ሰዎች ነበሩ።

ለደራሲ የሚከፈለው በቃል ብዛት ተቆጥሮ ከግማሽ ሳንቲም እስከ አንድ ሳንቲም ተኩል ነው። ይህም ቢሆን ገንዘቡ የሚደርሰው ድርሰቱ ሲታተም እንጂ ተቀባይነት ሲያገኝ አልነበረም። የ1929 የኢኮኖሚ ቀውስ ከደረሰ በኋላ ክፍያው ከነጭራሹ እየዘገየ ሄደ፤ በ1931 መጽሔቱ ራሱ ለጥቂት ጊዜ በየሁለት ወሩ ለመውጣት ተገደደ። ሮበርት ሃዋርድ በ1935 ለአዘጋጁ በጻፈው ደብዳቤ መጽሔቱ ከ800 ዶላር በላይ እንደነበረበት ይታወቃል። ይህ ለአንድ የገጠር ደራሲ የዓመት እንጀራ የሚሆን ገንዘብ ነው።

ገበያው በይዘቱም ላይ እጁን ያስገባ ነበር። ከ1932 ጀምሮ የመጽሔቱን ሽፋን ትሥል የነበረችው ማርጋሬት ብራንዴጅ በፓስቴል ቀለም የተዋጣላት ሠዓሊ ነበረች። ሆኖም ሽፋኑን የሚሸጠው ራቁቷን በአደጋ ላይ የወደቀች ሴት መሆኗ ስለታመነበት፣ አንዳንድ ደራሲያን ድርሰታቸው ሽፋን እንዲያገኝ ሲሉ እንዲህ ያለ ትዕይንት በታሪካቸው ውስጥ ይሰኩ ነበር። እንግዲህ «ንጹሕ ምናብ» የሚባለው ነገር በዚህ መጽሔት ውስጥ ከወረቀት ዋጋና ከሽያጭ ሂሳብ ተለይቶ አያውቅም። ድርሰቶቹ ሲመዘኑ ይህ መዘንጋት የለበትም። ይሁንና በእንዲህ ያለ ገበያ ውስጥ ሆነው ለገበያ ከሚያስፈልገው በላይ የለፉ ሦስት ሰዎች መገኘታቸው ነገሩን ለሂስ የሚያበቃው ነው።

የፕሮቪደንሱ ሰው

ላቭክራፍት በ1890 በሮድ አይላንድ ክፍለ ግዛት፣ በፕሮቪደንስ ከተማ ተወለደ። ገና በሕፃንነቱ አባቱ አእምሮው ተነክቶ ሆስፒታል ገባ፤ በ1898 እዚያው ሞተ። እናቱም በ1919 ወደዚያው ሆስፒታል ገብታ ከሁለት ዓመት በኋላ ሕይወቷ አለፈ። ሀብታም የነበረው አያቱ በ1904 ሲሞት ቤተሰቡ ትልቁን ቤት አጣ። በዚህ ሁኔታ ያደገው ልጅ ሁለት ስሜቶችን ይዞ ቀረ፤ አንደኛው «የወረስሁት ደም መርዝ ይኖረው ይሆን?» የሚል ሥጋት፣ ሁለተኛው «የእኔ የሆነው ዓለም በባዕዳን ተወሰደ» የሚል ቂም ነው። ሥጋቱ ታላላቅ ድርሰቶችን ሰጠው፤ ቂሙ ግን ድርሰቶቹን መረዘ።

በ1924 ሶንያ ግሪን የተባለችውን ሴት አግብቶ ወደ ኒውዮርክ ሄደ። ሶንያ በዩክሬን የተወለደች፣ ስደተኛ ሆና የመጣች አይሁዳዊት ነበረች። ባል ሥራ ፈልጎ አጣ፤ ቤቱ በአመዛኙ የሚተዳደረው በሚስቱ ድካም ነበር። በዚያው ጊዜ ባል በብሩክሊን መንገዶች ላይ ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ሠራተኞችን ባየ ቁጥር ይጸየፍ ነበር። በ1925 የጻፈው «የሬድ ሁክ ሽብር» የተባለው አጭር ልቦለድ የዚህ ጥላቻ ውጤት ነው። በዚህ ድርሰት ውስጥ በወደብ አካባቢ የሚኖሩት ስደተኞች በቤታቸው ምድር ቤት ሰይጣን የሚያመልኩ ወንጀለኞች ሆነው ቀርበዋል። አንባቢ ገጹን ሲገልጥ የሚያገኘው ጭራቅ የጎረቤቱን መልክ የያዘ ነው። በስደተኛ ሴት እንጀራ የሚያድር ሰው ስደተኛን ጭራቅ አድርጎ መሣሉ ከድርሰቱ ሁሉ ይልቅ የሚያስደነግጥ ነገር ነው።

ድርሰቱ በሥነ ምግባር ብቻ ሳይሆን በጥበብም ደካማ ነው። ደካማ የሆነውም በአንድ ምክንያት ነው። ደራሲው የሚጠላቸውን ሰዎች ቀርቦ አላያቸውም፤ አንዳቸውም ስም፣ ጠባይ፣ ፍላጎት የላቸውም። ጅምላ ስድብ ገጸ ባሕርይ ሊፈጥር አይችልም። ጥላቻ ዓይንን ይሸፍናል፤ ዓይኑ የተሸፈነ ደራሲ ደግሞ ቅጽል ከመደርደር በቀር የሚያደርገው የለም።

በሚያዝያ 1926 ወደ ትውልድ ከተማው ተመለሰ፤ በዚያው ዓመት «የክቱሉ ጥሪ» የተባለውን ድርሰት ጻፈ። መጽሔቱ መጀመሪያ አልቀበልም ብሎት ኋላ በየካቲት 1928 አወጣው። የድርሰቱ አወቃቀር ሊጠና የሚገባው ነው። ተራኪው ከሞተ ዘመዱ ሰነዶች ይወርሳል፤ የአንድ ቀራፂ ሕልም፣ የአንድ የፖሊስ መርማሪ ቃል፣ የአንድ መርከበኛ ማስታወሻ እየተራ ይቀርባል። እያንዳንዱ ወረቀት ለብቻው ሲታይ ተራ ነው፤ ሲገጣጠም ግን የሰው ልጅ በዚህ ሰፊ ጠፈር ውስጥ ባለቤትም እንግዳም እንዳልሆነ፣ ከእርሱ በፊት የነበሩ፣ ከእርሱም በኋላ የሚኖሩ፣ ስለ እርሱ ደንታ የሌላቸው ኃይሎች እንዳሉ ያመለክታል። በሩ ሲንኳኳ የሚያስደነግጠው የድሮው የመናፍስት ታሪክ ቀርቶ በምትኩ የሥነ ፈለክና የሥነ ምድር ሳይንስ ያስከተለው ሥጋት ገባ። ላቭክራፍት ከሃይማኖት የራቀ፣ ለቁስ አካል ፍልስፍና የቆመ ሰው ነበር። አስፈሪ ያደረገውም ይኸው፣ በመንፈስ ሳያምን ስለ ሰው ትንሽነት መጻፉ ነው።

ሆኖም በዚህ ድርሰት ውስጥም የሬድ ሁክ ቂም አልጠፋም። የጥንቱን ኃይል የሚያመልኩት ሰዎች መርከበኞችና ክልስ የሆኑ ድሆች ናቸው፤ ደራሲው በንቀት ይጠራቸዋል። ነገር ግን አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ አንድ ተቃርኖ አለ። በታሪኩ ውስጥ እውነቱን የሚያውቁት እነዚሁ የተናቁት ሰዎች ናቸው። ፕሮፌሰሮቹ ዘግይተው ይደርሳሉ፤ የደረሰውም ይሞታል። ደራሲው ዕውቀትን ለናቃቸው ሰዎች ሰጠ፣ መስጠቱን ግን አላስተዋለም። «ኔክሮኖሚኮን» የሚባለውን የፈጠራ መጽሐፍ ደግሞ አብዱል አልሃዝሬድ የተባለ እብድ ዓረብ እንደጻፈው አድርጎ አቀረበ። ምሥጢሩ ሁሉ የሚገኘው በባዕዱ እጅ ነው፤ ባዕዱም ስለዚህ ይወገዛል።

ይህ ቋጠሮ የተፈታው በ1931 በጻፈው «በኢንስማውዝ ላይ ያጠላው ጥላ» ነው። ተራኪው ወደ አንዲት የወደብ ከተማ ሄዶ ደማቸው ከባሕር ፍጡራን ጋር የተቀላቀለ ነዋሪዎችን አይቶ በድንጋጤ ይሸሻል፤ መንግሥትም ከተማዋን እንዲመታ ያደርጋል። በመጨረሻው ክፍል ግን የራሱ ቅድመ አያት ከዚያው ዘር እንደነበረች ይደርስበታል። በመስተዋት ውስጥ የራሱ ፊት እየተለወጠ ሲሄድ ያያል። ፍርሃቱ ቀስ በቀስ ወደ ናፍቆት ተለውጦ፣ ወደ ባሕሩ ለመመለስ ሲዘጋጅ ድርሰቱ ያበቃል። ደራሲው የጀመረው ደም መቀላቀልን በመፍራት ነው፤ ድርሰቱ ግን ከደራሲው ቀድሞ ሄዶ ባዕዱን በራሱ ቤት አገኘው። አንድ ሥራ ከጸሐፊው አመለካከት ሊበልጥ እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም። ይህ ድርሰት በ1936 በትንሽ መጽሐፍ መልክ ታትሞ 200 ያህል ቅጂ ብቻ ተጠረዘ፤ በሕይወቱ እያለ በመጽሐፍ የወጣለት ልቦለድም ይኸው ብቻ ነው። በ1937 በአንጀት ካንሰር ሞተ።

አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። ላቭክራፍት በ1930ዎቹ ዓመታት ረሃቡንና ሥራ አጥነቱን አይቶ የፖለቲካ አቋሙን ለውጦ ነበር። ሩዝቬልትን ደገፈ፤ ራሱንም ወደ ሶሻሊዝም ያዘነበለ ሰው አድርጎ ይቆጥር ጀመር። የዘር ንቀቱ ግን አልለቀቀውም። ይህ በኪነ ጥበብ ሥራ ላይ ለተሰማራ ሁሉ ትምህርት ነው። አቋም በስብሰባ ሊለወጥ ይችላል፤ ምናብ ግን በውሳኔ አይጸዳም። ደራሲ በአደባባይ የሚናገረው ሌላ፣ ሌሊት የሚያቃዠው ሌላ ሊሆን ይችላል፤ በድርሰቱ ውስጥ የሚገኘውም ብዙውን ጊዜ ይኸኛው ነው።

የኦበርኑ ገጣሚ

ክላርክ አሽተን ስሚዝ በ1893 በካሊፎርኒያ ተወለደ። ዕድሜውን በአብዛኛው ያሳለፈው በኦበርን ከተማ አጠገብ ወላጆቹ በሠሩት ጎጆ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አልተማረም፤ መዝገበ ቃላት እያነበበ ራሱን አስተማረ። ፈረንሳይኛ ተምሮ ቦድሌርን ተረጎመ። በ1912፣ ገና በ19 ዓመቱ፣ የመጀመሪያ የግጥም መድበሉ ወጣ። ይህ ዝና ግን እንጀራ አልሆነለትም። ፍሬ ለቀመ፣ እንጨት ፈለጠ፣ ጉድጓድ ቆፈረ። በ1922 «ዞጲና ክሪስታል» የተባለውን መድበል በራሱ አሳትሞ፣ የማተሚያውን ዕዳ ለመክፈል ለከተማው ጋዜጣ ዓምድ ይጽፍ ነበር።

በዚህ መድበል ውስጥ የሚገኘው «ሐሺሽ በሊታው» ከ500 በላይ ስንኝ ያለው፣ ቤት የማይመታ ረጅም ግጥም ነው። ተናጋሪው መጀመሪያ የራእዮች ሁሉ ጌታ ሆኖ ይቀርባል። ዓለማትን እንደ ዕቃ ይደረድራል፣ ነገሥታትን ይሾማል፣ ይሽራል። ቀስ በቀስ ግን ራእዮቹ ለትእዛዙ አልገዛ ይላሉ፤ ኋላም እርሱን ራሱን ያሳድዱታል። በመጨረሻ ገዥው ስደተኛ ይሆናል። የግጥሙ ጥንካሬ በቃላት ብልጽግናው ላይ ነው፤ ድካሙም ከዚያው ይመነጫል። የጌጡ ብዛት አንባቢን የሚያደክምበት ቦታ አለ። ቢሆንም ምናብን እንደ ግል ርስት የያዘ ሰው ምን እንደሚደርስበት ከዚህ በላይ የገለጸ ግጥም በዚያ ክበብ ውስጥ አልተጻፈም። በዚህ ረገድ የላቭክራፍት «ፈንገስ ከዩጎዝ» የተባሉት 36 ሶኔቶች (ከታኅሣሥ 1929 እስከ ጥር 1930 የተጻፉ) ይበልጥ ቁጥብ ናቸው፤ የመጨረሻዎቹም ከጭራቅ ርቀው ወደ አሮጌ ጣሪያና ወደ ምሽት ብርሃን ይመለሳሉ። ሆኖም እንደ ስሚዝ ግጥም ወደ ላይ አይወጡም።

ስሚዝ አብዛኛውን ልቦለዱን የጻፈው ከ1929 በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት፣ አረጋውያን ወላጆቹን ለመጦር ነው። ከእነዚህ ውስጥ በጥር 1935 የወጣው «የጨለማው ጣዖት» ለዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ቀጥተኛ መልስ ይሰጣል። ታሪኩ የሚፈጸመው ፀሐይ በደከመችበት፣ ዞቲክ በተባለው የምድር የመጨረሻ አህጉር ነው። ናርቶስ የሚባል ለማኝ ልጅ ምጽዋት ሲለምን ልዑሉ በፈረሱ ይረግጠዋል። ልጁ አድጎ ታላቅ ጠንቋይ ይሆናል፤ ስሙንም ናሚራ ብሎ ይለውጣል። በዚያን ጊዜ ንጉሠ ነገሥት ከሆነው ከቀድሞው ልዑል ጎን በአንድ ሌሊት ቤተ መንግሥት አቁሞ፣ ግዙፍ ፈረሶችን ጠርቶ ከተማውን ያስረግጣል። 

እዚህ ላይ ፍርሃቱ አድራሻውን ለውጧል። የሚያስፈራው የተረገጠው ሰው ሳይሆን መርገጡ ነው፤ ጭራቁን የወለደው የልዑሉ ኮቴ ነው። ስሚዝ ግን በቀላል ፍርድ አይረካም። ከተማው ሲረገጥ ከልዑሉ ጋር ለማኙም ሕፃኑም ይረገጣል። ጠንቋዩም በመጨረሻ አእምሮው ተሰውሮበት ጠላቱን ያየ ሲመስለው የሚመታው መስተዋት ነው። በመስተዋቱ ውስጥ ያለው የራሱ መልክ ነው። በደል እውነት ነው፣ ቁጣውም ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ቂም ብቻውን የተቀመጠበት ልብ የበዳዩን መልክ ይዞ ይቀራል። ይህን የጻፈው ጉድጓድ ሲቆፍር የዋለ ሰው ነው። 

እናቱ በ1935፣ አባቱ በ1937 ሲሞቱ ስሚዝ ልቦለድ መጻፉን ለመተው ተቃረበ፤ ወደ ድንጋይ ቅርፃ ቅርፅ ዞረ። በ1961 ሞተ።

የቴክሳሱ ወጣት

ሮበርት ሃዋርድ በ1906 ተወልዶ በቴክሳስ ክሮስ ፕሌንስ በተባለች ትንሽ ከተማ አደገ። የነዳጅ ዘይት ሲገኝ ከተማዋ በአንድ ጊዜ በሰውና በገንዘብ ስትሞላ፣ ከዚያም ስትራቆት በዓይኑ አይቷል። ከ1930 ጀምሮ ከላቭክራፍት ጋር በደብዳቤ ሲከራከሩ፣ ላቭክራፍት ለሥልጣኔ፣ ሃዋርድ ደግሞ ለአረመኔው ጥብቅና ቆመው ነበር። ሥልጣኔ ከላይ ያማረ፣ ከሥር የበሰበሰ መሆኑን የነዳጁ ግርግር ለሃዋርድ አስተምሮታል። በታኅሣሥ 1932 ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ኮናን የተባለው ተዋጊ የዚህ እምነት ልጅ ነው። 

የሃዋርድ ዐረፍተ ነገር ፈጣንና ጉልበተኛ ነው፤ በትረካ ፍጥነት ከሦስቱ የሚስተካከለው የለም። ነገር ግን በፈጠረው ጥንታዊ ዓለም ውስጥ ከደቡብ በኩል «ኩሽ» የተባለ አገር አስቀምጧል። ኩሽ የሚለውን ስም ከመጽሐፍ ቅዱስና ከታሪክ ለሚያውቀው ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ ስም ባዕድ አይደለም። ሃዋርድ ስሙን ወሰደ፤ ሕዝቡን ግን አልወሰደም። በ1934 በወጣው «የጥቁሩ ጠረፍ ንግሥት» ውስጥ ጥቁሮቹ መርከበኞች ይዋጋሉ፣ ይሞታሉ፤ የታሪኩ ፍቅርና ሐሳብ ግን ለሁለቱ ነጮች የተያዘ ነው። ለአረመኔው ጥብቅና የቆመው ደራሲ ጥቁሩን ሰው ያየው እንደ መድረክ መጋረጃ ነው። 

ሰኔ 11 ቀን 1936 እናቱ ከሰመመን እንደማትነቃ ሲነገረው ራሱን ገደለ፤ ዕድሜው 30 ነበር። ሦስቱ ደራሲያን በብዙ ገጽ ደብዳቤ ሲወዳጁ፣ የፈጠራ አማልክትና መጻሕፍት ሲዋዋሱ ኖረው፣ አንዱም ከሌላው ጋር በአካል ሳይገናኝ ተለያዩ።

ከሞት በኋላ ያለው ክርክር

በ1939 ኦገስት ደርሌትና ዶናልድ ዋንድሬይ «አርካም ሃውስ» የተባለ ማተሚያ ድርጅት አቋቁመው የላቭክራፍትን ድርሰቶች በአንድ ጥራዝ አወጡ። የታተመው 1,268 ቅጂ ቢሆንም ተሸጦ እስኪያልቅ ዓመታት ፈጀ። በ1945 ታዋቂው ሐያሲ ኤድመንድ ዊልሰን ሥራውን የመናኛ መጽሔት ጽሑፍ ነው ብሎ አጣጣለው። ዊልሰን ስለ ቅጽሎቹ መብዛት የተናገረው ትክክል ነበር። ያላየው ነገር ግን ስለ ዘር የተጫነውን ፍርሃት ነው። ስለ ቃላት ብቻ የሚጠይቅ ሂስ ይህን ሊያይ አይችልም።

ያየችው በናይጄሪያውያን ወላጆች አሜሪካ ውስጥ የተወለደችው ደራሲት ንኔዲ ኦኮራፎር ናት። በ2011 የዓለም ፋንታሲ ሽልማትን ስታሸንፍ የተሰጣት ሐውልት የላቭክራፍት ፊት ነበር። እርሷም ጥቁሮችን የሰደበ ሰው ምስል የክብር ምልክት ሆኖ በቤቷ መቀመጡ ምን ማለት እንደሆነ በይፋ ጠየቀች። ክርክሩ ከተካሄደ በኋላ በ2015 ሐውልቱ እንዲለወጥ ተወሰነ። በ2016 ደግሞ ጥቁሩ አሜሪካዊ ደራሲ ቪክተር ላቫል «የሬድ ሁክ ሽብር»ን እንደገና ጻፈው። በዚህኛው ድርሰት ዋናው ሰው ከሃርለም የመጣ ጥቁር ወጣት ነው፤ ስም አለው፣ አባት አለው፣ የሚደርስበትም በደል ቅዠት ሳይሆን ጥይት ነው። ላቭክራፍት ፊት የነሣቸው ሰዎች በላቫል ብዕር ፊት አገኙ። 

ሁለቱም ደራሲያን መጽሐፍ አላቃጠሉም። አንደኛዋ ክብር የሚገባውንና ንባብ የሚገባውን ለየች፤ ሁለተኛው ለድርሰት መልሱ ድርሰት መሆኑን አሳየ። 

ከዚህ የሚወሰደው ቁም ነገር ግልጽ ነው። አስተማሪው ለተማሪው አስፈሪ ታሪክ ሲሰጥ «ይህ እውነት ነውን?» ብሎ ከመጠየቁ በፊት «እዚህ ታሪክ ውስጥ ፊት የሌለው ማን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ይሻላል። የባህል ሥራን የሚመራው ካድሬም ምናብን በሙሉ በአጉል እምነት ስም ቢያወግዝ «የጨለማው ጣዖት»ን ከ«ሬድ ሁክ» ጋር አብሮ ይጥለዋል፤ የተረገጠውን ልጅ ከረጋጩ ጋር ማለት ነው። አርቲስቱ ደግሞ ጭራቅ ለመሣል ብሩሹን ባነሣ ቁጥር የማንን መልክ እየሰጠው እንደሆነ ሊያጤን ይገባል። ጭራቅ መልክ ሳይኖረው አይወለድም፤ መልኩን የሚያውሰውም ከሁሉ አስቀድሞ የደራሲው የራሱ ልብ ነው።